ዞር ብሎ ያየ ሯጭ

(በሸዋ ሮቢት ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለወጣት ስፖርተኞች የተደረገ ዲስኩር)

 

የይፋት ፀሐይ ማንንም አታባብልም። በዚህ ሰዓት ጥላ ፈልጎ ጋደም ማለት እየቻላችሁ አዳራሹን ሞልታችሁ ስላገኘኋችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የጋበዙኝ ሰዎች «ለልጆቹ ስለ ስፖርት አንድ ነገር ንገርልን» ነው ያሉኝ። ስለ ስፖርት ስንናገር ደግሞ ልማዳችን የታወቀ ነው፤ ስንት ወርቅ መጣ፣ ስንት ብር መጣ፣ ማን ማንን ቀደመ እንላለን። ዛሬ እሱን ትቼ ጠበብ ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ስሙ በዓለም የናኘ ስፖርተኛ ለሚያደንቀው ትንሽ ልጅ የሚያሳየው ደግነት ምን ይመስላል? የትኛው ደግነት ነው? የትኛውስ የደግነት መልክ ብቻ ነው? ርእሴ ይኸው ነው።

መንገዴን ልንገራችሁና አብረን እንሂድ። መጀመሪያ ዝናና ደግነት አንድ አለመሆናቸውን አነሣለሁ። ከዚያ ወደ አቴንስ እወስዳችኋለሁ፤ እዚያ ቆየት እንላለን፤ የንግግሬ ልቡ እሱ ነውና። ቀጥዬ ሁለት ሕፃናትና ሁለት ኳስ ተጫዋቾች አሉኝ። መጨረሻ ላይ ይህችን ከተማ ለሁለት ሰንጥቆ ወደሚያልፈው የደሴ መንገድ እንመለሳለን።

እንግዲህ ከሬዲዮ እንጀምር።

ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነው። ሞስኮ ላይ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አጠለቀ። ትልልቆቻችሁ ያን ወር ታስታውሱታላችሁ። ምሩፅ ሙኒክ ላይ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው አምልጦት የተመለሰ፣ ሞንትሪያል ላይ ደግሞ አፍሪካ በማደሟ ሳይሮጥ የቀረ ሰው ነበር። ስምንት ዓመት ጠብቆ ነው ያን ማርሽ የቀየረው። ያን ጊዜ አሰላ አጠገብ በአንድ ገበሬ ቤት የ7 ዓመት ልጅ ድሉን በሬዲዮ ይሰማ ነበር። ልጁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቀው ስለነበር ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ይሮጣል፤ ይመለሳልም። ኋላ ዓለም ሁሉ እንዳየው፣ ከደብተሩ ከተለያየ ከብዙ ዓመት በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ጠምዘዝ እንዳለ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ምሩፅ ለዚያ ልጅ ምን አደረገለት?

እንደኔ መልሱ «ምንም» ነው። ስሙን አያውቅም፤ መኖሩንም አያውቅም። ምሩፅ ሥራውን ሠራ፤ ሬዲዮው አደረሰው፤ ልጁ ደግሞ የሰማውን ይዞ ሮጠ። ኃይሌ ለምሩፅ ያለውን ፍቅር ዕድሜውን ሙሉ ተናግሯል። ምሩፅ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሲያርፍም በአደባባይ ውለታውን መስክሮለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላናንቀውም። ግን ደግነት አልለውም። ዝና ሩቅ ታበራለች፤ ማንን እንዳበራች ግን ዞር ብላ አታይም። ደግነት የሚጀምረው ትልቁ ሰው ዞር ብሎ ትንሹን ሲያየው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን እናቀላቅላለን። ጀግኖቻችን በድል ሲመለሱ ከቦሌ ጀምሮ መንገድ ሞልተን እንቀበላቸዋለን፤ አባት ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣል፤ ልጁ ባንዲራ ያውለበልባል። መኪናው ያልፋል። ልጁ ከገመዱ ወዲህ ነው፤ ጀግናው ከገመዱ ወዲያ። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ «አየሁት!» ይላል። «አየኝ» ብሎ የሚገባ ልጅ ግን ስንት ነው?

እናንተ ደግሞ ታላቅ ሯጭ ጎረቤት አላችሁ። «ሩጫ የደገኛ ነው፣ የቆላ ልጅ ኳስ ይጫወት» የሚል አባባል እዚህም ሳይኖር አይቀርም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚህ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ታርማ በር ለሚወጣ ሰው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ብርድ በመኪና ከሁለት ሰዓት አይርቀውም። ትንሽ ገፋ ብሎ፣ ከደብረ ብርሃን ማዶ፣ በመንዲዳ በኩል ጃቶ የምትባል መንደር አለች። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚያ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲያዘጋጅ፣ እሱ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ።

ከዚህ ተሳፍራችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሸኖን ታልፋላችሁ። መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ የተገለበጠው በዚያ በሸኖ አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ አልተራመደም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በተባለው ሆስፒታል ታከመ፤ እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ላይም በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ተቀምጦ ሳለ የማራቶኑን ወርቅ ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። በዚያው ውድድር ማሞ ወልዴ ነሐስ አግኝቷል። ሾርተርን ያን ቀን የዓለም ሁሉ ካሜራ እየተከተለው ነበር፤ ዞር ያለው ግን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወዳለው ሰው ነው። ይህን ምልክት ያዙልኝ፤ ዞር ማለት።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ።

ለሯጭ ሰከንድ ምንድን ነው? እዚህ ለተሰበሰባችሁ ገበሬዎች እንደ ዘር እህል ነው ብል የምትረዱኝ ይመስለኛል። ከጎተራ ዘግኖ የሚሰጥ ሰው አለ፤ ደግ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጠው። ለዘር ካስቀመጠው ላይ የሚሰጥ ሰው ግን ሌላ ነው። ኃይሌ መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር ያሸነፈው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። 25 ዙር ሮጠው፣ 27 ደቂቃ ተናንቀው፣ ልዩነታቸው ዓይን ከምትርገበገብበት ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሯጭ ሰከንዱን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ከዘሩ ላይ ነው የሚሰጠው።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ አቴንስ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም፤ ወላጆቻችሁ ግን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ፈልገው ተጨናንቀው ያዩት ውድድር ነው። ሦስት ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን። ቀነኒሳ የበቆጂ ልጅ ነው። ኃይሌ አትላንታ ላይ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ ቀነኒሳ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ኃይሌን እያደነቀ ያደገ ትውልድ ልጅ ነው። ሞስኮን በሬዲዮ የሰማው ልጅ ለሌሎች ልጆች ራሱ ሞስኮ ሆነላቸው ማለት ነው።

ከአቴንስ ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሦስቱ ተከታትለው ገብተው ነበር። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ። ያን ቀን ከግማሹ በኋላ ፍጥነቱን ከጨመሩት አንዱ ራሱ ኃይሌ ነበር፤ ከኋላው የሚመጣው ልጅ በመጨረሻው ዙር ምን እንደሚያደርግ እያወቀ። ሁለተኛው 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች ነው ያለቀው። እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ፤ ለወጣት አድናቂ ከሚሰጡ ስጦታዎች አንዱ በእውነተኛ ፍጥነት ተሸንፎ ማሳየት ነው ብዬ አምናለሁ። ለቆ መስጠት አይደለም፤ አባት ከልጁ ጋር ሲታገል ሆን ብሎ እንደሚወድቀው አይደለም። ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ልጁም ያለውን ሁሉ እንዲያወጣ አድርጎ፣ ከዚያ መቀደም ነው።

አቴንስ ላይ ግን ኃይሌ ያ ኃይሌ አልነበረም። የተረከዙ ጅማት ታሞ ልምምዱን በቅጡ ሳያደርግ ነው የሄደው።  ሩጫው ከመሐሉ ሲያልፍ ከፊተኞቹ ላይ መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ። ቀጥሎ አምስት። ቀነኒሳና ስለሺ ፊት ናቸው። እግራቸው ሙሉ ነው፤ ፊታቸው ያለው ወርቅ ነው። ከኋላቸው የኤርትራው ዘርእሰናይ ታደሰና የኡጋንዳው ቦኒፌስ ኪፕሮፕ አሉ፤ ቀላል ሰዎች አይደሉም። በዚህ መሐል ሁለቱ ወጣቶች ዞር አሉ። ፈለጉት። ፍጥነታቸውን ቀነሱለት፤ እንደገና ዞር አሉ።

የኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ነው ይህ። ዞር የሚል ሯጭ አሰልጣኙ ይቆጣዋል፤ እናንተም የምታውቁት ነው፤ አንገትህን ስታዞር ትከሻህ ይዞራል፣ ትከሻህ ሲዞር እርምጃህ ይሰበራል። እነሱ ያን ሁሉ እያወቁ ዞሩ።

ልብ በሉልኝ፤ አልተሳካም። ጅማቱ አልታዘዘለትም። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ከ10 መቶኛ ወርቁን ወሰደ፤ ስለሺ ብር፤ ነሐሱን ዘርእሰናይ ወሰደ፤ ለኤርትራ የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሆነች። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ደግሞ ቀነኒሳ ያን ቀን ያስመዘገበው ሰዓት አዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን መሆኑ ነው፤ የተሰበረው ሰዓት ኃይሌ አትላንታ ላይ የሮጠው 27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። እየጠበቀው ሰበረበት።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን ጠቀመው? ኃይሌ እንደሆነ አምስተኛ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማሸነፋቸው ስለማይቀር ነው የጠበቁት፤ ምን አጡ?» ይላል። ለሁለተኛው መልስ አለኝ። ማሸነፍህን የምታውቀው ገመዱን ስትበጥስ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ሰከንድ ሁሉ ዋስ የለውም። ለመጀመሪያው ግን መልስ አልፈልግለትም። የደግነት ዋጋው በውጤቱ ከተለካ የታመመ ሰው የምንጠይቀው የሚድን ከሆነ ብቻ ሊሆን ነው።

ስለ ደራርቱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ አዳራሹ ውስጥ ያላችሁት እናቶችም ዝም አትሉኝም። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ የ37 ዓመት ሴት፣ የልጆች እናት ነበረች። አብራት የምትሮጠው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በጊዜው የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች፤ ኒው ዮርክንም ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ፓውላ እግሯን ታማ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዘግየት ብላ እንዳበረታታቻት ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ፓውላ አራተኛ ገባች። ደራርቱ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች፤ ያን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። ይህች ሴት ናት እንግዲህ ባርሴሎና ላይ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ቀድማ ከገባች በኋላ ቆማ የጠበቀቻት፤ ነጭና ጥቁር ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን የዞሩት። ያን ቀን በቆጂ ውስጥ ቀነኒሳ የ10 ዓመት፣ ጥሩነሽ ዲባባ የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ።

ከውጭ አገር አንድ ብቻ ልጨምር። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5,000ንም፣ 10,000ንም፣ ማራቶንንም ያሸነፈ ሰው ነው። አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ደግሞ ክብረ ወሰን በላይ በላዩ የሰበረ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ግን እጁ ያልገባ ሯጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ክላርክ ፕራግ ሄዶ ሲመለስ ዛቶፔክ አየር ማረፊያ ላይ ትንሽ ጥቅል ነገር ሰጠው። ክላርክ በድብቅ የሚያሻግረው ነገር መስሎት ሳይከፍተው ይዞት ተሳፈረ። ሲከፍተው ከሄልሲንኪ ወርቆች አንዱ ነው፤ የ10,000 ሜትሩ። ዛቶፔክ ፎቶ አንሺ አልጠራም። ይህ ነገር ወደሚቀጥለው ነጥቤ ያሻግረኛል።

ሯጮቹን እዚህ ላይ ልተዋቸውና ወደ ኳስ ልሂድ፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ከጀመርኩ ጀምሮ የሚጠብቁት እሱን ነው። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለማየት ዲ.ኤስ.ቲቪ. ቤት የማይሄድ የሸዋ ሮቢት ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! ... ይኸው፣ አንድም የለም።

ጀርሜይን ዲፎን ታውቁታላችሁ፤ የሰንደርላንድ አጥቂ የነበረው። አንድ በካንሰር የታመመ ሕፃን የሰንደርላንድ ደጋፊ ነበር። ከዲፎ ጋር ወዳጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ዌምብሌይ ላይ ዲፎ ለእንግሊዝ ሲሰለፍ ሕፃኑ እጁን ይዞት ወደ ሜዳ ገባ፤ ዲፎ ያን ቀን ጎል አገባ። ይህን ሁሉም አይቶታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ ሰውዬው ሆስፒታል ይመላለስ ነበር፤ ልጁ ሲደክመው አልጋው ላይ አብሮት ጋደም ይል ነበር። ልጁ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ በ6 ዓመቱ ዐረፈ፤ ዲፎ ከቀብሩ አልቀረም። የመጀመሪያው ቀን ደግነት ብዙ ሰው ይችለዋል። አምስተኛው፣ አሥረኛው ቀን ላይ ነው ሰው የሚታወቀው። ልጅ አንዴ ከጠበቀህ ሁልጊዜ ይጠብቅሃል።

ሁለተኛው ታሪክ ይከብዳል፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ጋዝኒ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ የ5 ዓመት ልጅ ሜሲን ይወዳል። ማልያ መግዣ የለም። ታላቅ ወንድሙ ነጭና ሰማያዊ ሰንበር ያለው ፌስታል አገኘና ቀዶ ማልያ አደረገለት፤ ጀርባው ላይ የሜሲን ስምና 10 ቁጥርን ጻፈበት። እዚህም ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ የሚሠሩ ልጆች ስላሉ ያ ታላቅ ወንድም ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ላስረዳችሁ አልደክምም። ፎቶው ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሜሲ በዩኒሴፍ በኩል የፈረመበትን ማልያ ላከለት። በታኅሣሥ ዶሃ ላይ ተገናኙ። ልጁ ከሜሲ ጋር ወደ ሜዳ ገባና ጨዋታው ሊጀመር ሲል አልወጣም አለ!

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቤተሰቡ ግን «ሜሲ ገንዘብ ሰጥቷቸዋል» በሚል ወሬ ማስፈራሪያ ደረሰብን አሉ፤ ለጊዜው አገር ለቀው ፓኪስታን ገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ታሊባን አካባቢያቸውን ሲያጠቃ ሌሊት ወደ ካቡል ሸሹ፤ በጥድፊያው ማልያው እቤት ቀረ። ሜሲን ልወቅስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ያደረገው መልካም ነው። ልል የፈለግሁት፣ ልጅ ወደ ትልቅ ብርሃን ሲገባ ብርሃኑ ልጁንም፣ ቤቱንም፣ መንደሩንም ያሳያል። ታዋቂው ሰው በአጀብ ነው የሚሄደው፤ ልጁ ወደ መንደሩ የሚመለሰው ብቻውን ነው። ስለዚህ ደግነት ልጁ ነገ የት እንደሚያድር ጭምር ማሰብ አለበት። የልጅን ፊት፣ ስም፣ ድህነቱን በስልክ ቀርጾ ለሕዝብ መበተን ደግነት ሳይሆን ለራስ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው። በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ፤ የሚከፋው ቢኖር ይቅርታ።

አሁን ወደ ደሴ መንገድ እንመለስ።

ይህች ከተማ የታላቅ መንገድ ከተማ ናት። አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ፤ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ወደ ፊት። ወሎ የሚጫወት ክለብ አውቶቡሱ በዚህ ያልፋል፤ ወልድያ ስታዲየም የሚሄድም እንዲሁ። ሯጮቻችን ለውድድር፣ ለምረቃ፣ ለለቅሶ በዚህ ያልፋሉ። ምሳ የሚበሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። መኪናው ሲቆም ማን እንደሚከበው ታውቃላችሁ፤ በሳፋ ማንጎና ፓፓያ የያዙ፣ ሽንኩርት በከረጢት የደረደሩ ልጆች። ገና መኪናው ሳይቆም «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚሉት ትንንሾቹ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ፈላጊዎች ናቸው።

በመኪና መስኮት ብር ወይም ጠርሙስ የሚወረውር ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል። በሚሄድ መኪና መስኮት የተወረወረ ነገር ሁሉ ልጅን ወደ ጎማ ይጠራል። እዚህ ያላችሁ እናቶች ይህን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ታዋቂ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ልጆቹ ለጠርሙሱ ብቻ ሳይሆን ለሰውዬውም ይሮጣሉና።

ታዲያ ምን ያድርግ? ይውረድ። ምሳውን እስኪያቀርቡለት ያለችውን ሩብ ሰዓት ይስጥ። ማንጎ የያዘውን ልጅ ስምህ ማነው ይበለው። ስንተኛ ክፍል ነህ? ከሰዓት ነው የምትማረው ከጠዋት? ማንጎውን በተጠራው ዋጋ ይግዛው፤ ከዚያ አይጨምር፣ አይከራከር። ልጁ ነጋዴ ነው፤ ለማኝ አይደለም፤ ክብሩን አይንካበት። ልጁ «እኔም እሮጣለሁ» ካለው ደግሞ «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ አይለፈው፤ እሱ ሁሉም የሚለው ነው። «የት ነው የምትሮጠው? ማን ያሠራሃል?» ይበለው። ጥያቄ የተጠየቀ ልጅ ማታ ተኝቶ መልሱን ያስባል። ሩብ ሰዓት ለዚያ ሰው ምንድን ነው? በአቴንሱ ሩጫ ቢሰላ ከአሥራ ሦስት ዙር በላይ ይሮጥበታል፤ ትንሽ አይደለም።

«ኃይሌና ደራርቱ እዚህ መቼ ይመጡና!» የምትሉኝ እንዳላችሁ አያለሁ። በቆጂንም ታላላቆቹ ሯጮች ብቻቸውን አላሳደጓትም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ዓለም የሯጮች ከተማ እያለ ያወራላት በቆጂ አየሯና ከፍታዋ ረድተዋታል፤ ማለዳ ማለዳ ሜዳ ላይ እየተገኙ የእያንዳንዱን ልጅ ስም የሚጠሩ መምህር መኖራቸው ግን ከፍታ የማይሰጠው ነገር ነው። መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የመጨረሻው ነገሬ ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁት ማልያ ለባሾች ነው። ዝነኛ አይደለንም ትሉ ይሆናል። እስቲ ሜዳችሁን አስቡት። እናንተ ስትጫወቱ ከጎሉ ኋላ ቆሞ ወደ ማሽላው ማሳ የገባችውን ኳስ ሮጦ የሚያመጣው ማነው? ነጠላ ጫማችሁን በሁለት እጁ ይዞ፣ ስልካችሁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ እስክትጨርሱ ፀሐይ ላይ የሚቆመው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማነው? የጀርባ ቁጥራችሁን፣ በየትኛው እግራችሁ እንደምትመቱ፣ ባለፈው እሁድ ስንት እንዳገባችሁ ከእናታችሁ ይልቅ ያውቃል። ጫማውን ተቀብላችሁ ስትሄዱ ስሙን ጠርታችሁት ታውቃላችሁ? ያ ልጅ አማራ ይሁን አርጎባ፣ ኦሮሞ ይሁን አፋር፣ የሰንበቴ ገበያ ላይ ወላጆቹ ማን አጠገብ እንደሚቀመጡ አይጠይቅም፤ እሱ የሚያውቀው የእናንተን ግራ እግር ነው።

የሩጫ ቡድኑ ነገ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ 12 ሰዓት ላይ ልምምድ እንዳለው ሰምቻለሁ። ትንንሾቹ እንደሚከተሏችሁም ሰምቻለሁ፤ እስከ መታጠፊያው ተከትለዋችሁ፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር ቁጭ ብለው እንደሚቀሩ። ነገ እስከ መታጠፊያው ድረስ በእነሱ ፍጥነት ሩጡ። የልምምድ ሰዓታችሁን እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ከመውጣቴ በፊት አሰልጣኛችሁን አስፈቅጃቸዋለሁ። ትንሽ አሰቡና «አንድ ቀን ብቻ፤ እሱም ካልጮሁብኝ» ብለውኛል።